የእንግሊዝ ገጠር ሙዚቀኞች አዝማሪዎች አልነበሩም፣ ኮንሰርቲናውም ጥንታዊ አይደለም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ስለ እንግሊዝ ባህላዊ ሙዚቀኞችና ስለ መሣሪያዎቻቸው በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። በዚህ ጉዳይ በቋንቋችን የሚጻፍ ነገር ብርቅ ስለሆነ በጉጉት ነበር የጀመርኩት። ጸሐፊው ለነገሩ ፍቅር እንዳላቸው ያስታውቃል፤ አተራረካቸውም ያምራል። ችግሩ የሚሉት ነው። አሳቦቻቸው ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ የእንግሊዝ ገጠር ሙዚቀኞች እንደኛ አዝማሪዎች በሙዚቃቸው የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ኮንሰርቲና የሚባለው በወናፍ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ከጥንት መርከበኞች የተወረሰ ብቸኛው ንጹሕ የእንግሊዝ መሣሪያ ነው፤ ቫዮሊንና ሜሎዲዮን (ቁልፎች ያሉት ትንሽ አኮርዲዮን) ግን ከውጭ ስለመጡ ሙዚቃውን በርዘውታል። ተጫዋቾቹ ኖታ የማያውቁ ጨዋዎች ነበሩ። ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የነፋስ መሣሪያ) የስኮትላንድ እንጂ የእንግሊዝ አይደለም። የባላገሩ ዘፈን በጊታር ይታጀብ ነበር። ፋብሪካና ባቡር ሲመጡ ሁሉም ነገር ሞተ፤ በመጨረሻም ሴሲል ሻርፕ የሚባል ሰው ብቻውን ከሞት አስነሣው።

ከእነዚህ ውስጥ እንዳለ የምቀበለው አንድም የለም። ግማሽ እውነት ያለባቸው ግን አሉ፤ እሱንም በየቦታው እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአዝማሪው ልጀምር። ንጽጽሩ ለአማርኛ አንባቢ ጆሮ ደስ ቢልም ያሳስታል። አዝማሪ ግጥም የሚፈጥር፣ የሚያወድስና የሚሸነቁጥ፣ በማሲንቆው እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። የእንግሊዝ ገጠር ሙዚቀኛ ግን በአብዛኛው ቀኑን ሌላ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ነበር። በኦክስፎርድ አጠገብ ያለው የሄዲንግተን ኳሪ መንደር የኮንሰርቲና ተጫዋች ዊልያም ኪምበር ግንበኛ ነበር። ከኖርዘምበርላንድ ታላላቅ ባግፓይፕ ነፊዎች አንዱ የሆነው ቶም ክላፍ በከሰል ማዕድን ይሠራ ነበር። የኖርፎኩ ሃሪ ኮክስ ድንቅ ዘፋኝ ነው፤ ቫዮሊንና ሜሎዲዮንም ይጫወት ነበር፤ ዕድሜውን የጨረሰው ግን በእርሻ ሠራተኝነት ነው። ገጣሚው ጆን ክሌር እንኳ ለንደን ስሙን ሳታውቀው በፊት የሰው እርሻ ላይ የሚውል፣ ማታ ቫዮሊን የሚመታ ወጣት ነበር። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ምሽት ጭፈራ ጥቂት ሳንቲምና ቢራ ያገኙ ይሆናል፤ ቤታቸውን የሚያቆመው ግን እሱ አልነበረም።

ሌላም ልዩነት አለ፣ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሡት። አዝማሪው ዜማውንና ቃሉን በአንድነት ይዟል። በእንግሊዝ ገጠር ግን ዘፋኙና መሣሪያ ተጫዋቹ ሁለት የተለያየ ሥራ ነበራቸው። ኮክስን የመሰለ ሁለቱንም የሚችል ሰው ቢኖርም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ የተለመደ አልነበረም። መሣሪያ ተጫዋቹ ቃል የለውም፤ ሥራው እግር ማንሣት ነው።

ግማሹ እውነት የቱ ነው? በከተሞች ውስጥ «ዌይትስ» የሚባሉ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ሙዚቀኞች ነበሩ። በ1835 የወጣው የከተሞች አስተዳደር ሕግ ይህን ሹመት አስቀረው። ጂፕሲ እየተባሉ ከሚጠሩት ከሮማ ማኅበረሰብ የሆኑ ቫዮሊን መቺዎችም ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ለክፍያ ይጫወቱ ነበር፤ ክሌር ቫዮሊን የለመደው በሠፈሩ አጠገብ ድንኳን ይተክሉ ከነበሩት ከእነሱ ነው። ጸሐፊው ስለ እነዚህ ቢጽፉ ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር።

አሁን ወደ ኮንሰርቲናው። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነውና።

ኮንሰርቲና በሁለት እጅ መካከል የሚያዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ማዕዘን ያለው፣ መሐሉ ወናፍ የሆነ ትንሽ መሣሪያ ነው። ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ያንቀጠቅጣል፤ ድምፁ ከዚያ ነው የሚወጣው። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ በአውሮፓ የታየው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቻርልስ ዊትስተን፣ በቴሌግራፍ ሥራውም የሚታወቀው የፊዚክስ ሊቅ፣ ለኮንሰርቲናው መነሻ የሆነውን የፈጠራ መብት ለንደን ላይ ያስመዘገበው በ1829 ነው። በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት፣ በ1805፣ የተዋጉት መርከበኞች ኮንሰርቲና ሰምተው ሊሆን አይችልም። በፊልም የምናየው መርከበኛና ኮንሰርቲናው ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አይገባም።

የዊትስተን መሣሪያ መጀመሪያ ላይ የባላገር አልነበረም። ውድ ነበር፤ የከበርቴ ሳሎን ዕቃ ነበር። ጁሊዮ ሬጎንዲ የሚባል ስመ ጥር ጊታር ተጫዋች በመድረክ ላይ ከባድ የክላሲክ ሥራዎችን ይጫወትበት ነበር። በዚህ ዓይነቱ ላይ አንድ ቁልፍ ወናፉ ቢከፈትም ቢዘጋም ያው ድምፅ ይሰጣል። ኪምበርና እሱን የመሰሉት የገጠር ሰዎች የተጫወቱት ግን በሌላኛው፣ አንግሎ በሚባለው ነው። የአንግሎው አባት ደግሞ ጀርመናዊ ነው፦ ካርል ፍሪድሪክ ኡሊግ በኬምኒትዝ ከተማ በ1834 የሠራው ኮንሰርቲና። እዚያ ላይ አንዱ ቁልፍ ሲገፉት አንድ ድምፅ፣ ሲስቡት ሌላ ድምፅ ያወጣል። የጀርመኑ ርካሽ ምርት እንግሊዝ አገር ገብቶ ሲሸጥ የለንደን ሠሪዎች፣ ላሸናል፣ ጄፍሪስ፣ ክራብ የመሳሰሉት፣ ተቀብለው አሻሻሉት። እንግዲህ ጸሐፊው «ንጹሕ» ያሉት መሣሪያ ገጠር የገባው ጀርመን ዞሮ ነው ማለት ነው። «ባዕድ» ያሉት ሜሎዲዮን ደግሞ የዚሁ የአንግሎ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱም በግፊያና በስበት የተለያየ ድምፅ ይሰጣል።

ይህ የግፊያና የስበት ነገር ተራ ዝርዝር አይደለም። ዜማው በተራመደ ቁጥር ተጫዋቹ የወናፉን አቅጣጫ መቀየር ይገደዳል፤ እያንዳንዱ መቀየር ደግሞ ትንሽ ምት ይጨምራል። ኪምበር በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራ እጁ ቁርጥ ቁርጥ ያሉ ኮርዶችን ይጫወት ነበር። በውጤቱ ያለ ከበሮ ከበሮ ይሰማል። የሞሪስ ጭፈራን አይቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል፦ ወንዶች በእግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ መሐረብ ወይም ዱላ ይዘው በሰልፍ ይጨፍራሉ፤ በአንዳንድ ቦታ ከፍ ብለው ይዘልላሉ። እዚያ ጋ ሙዚቃው መዘርጋት አለበት። ተጫዋቹ ጣቱን ሳይሆን የዘላዩን እግር ያያል፤ እግሩ መሬት እስኪነካ ድረስ ድምፁን ይይዝለታል። አንድን ዜማ የእንግሊዝ የሚያደርገው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ወናፉ የት ተሰፋ የሚለው ጥያቄ ሩቅ አያስኬድም።

ንጽሕናን መለኪያ ካደረግን ደግሞ ማንም አይተርፍም። ከኮንሰርቲና በፊት ለሞሪስ የሚጫወተው ቫዮሊን ነበር፤ ከቫዮሊን በፊት ባለ ሦስት ቀዳዳ ዋሽንትና ትንሽ ከበሮ። አንድ ሰው በግራ እጁ ዋሽንቱን ይነፋል፤ ከበሮው ከክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ በቀኝ እጁ ይመታል። አንድ ሰው፣ ሙሉ ባንድ! በ1600 የሼክስፒር ጓድ የነበረው ኮሜዲያን ዊል ኬምፕ ከለንደን እስከ ኖሪች ሞሪስ እየጨፈረ ሲሄድ ቶማስ ስላይ የሚባል ከበሮ መቺ አብሮት ነበር። ታዲያ ይህ ጥንታዊ የተባለው ጥምረት በባስኮች አገርም በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስም አለ። ጸሐፊው ምን ሊሉት ነው? በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ በእንግሊዝ ሊጠፋ ሲቃረብ ትኩረት ከሰጡት ሰዎች አንዱ ፍራንሲስ ዳርዊን ነው፤ የዕጽዋት ተመራማሪው፣ የቻርልስ ዳርዊን ልጅ። ራሱ መጫወት ተምሮ ንግግር አደረገበት፣ ጻፈበትም።

ገጠሬው መሣሪያ ሲመርጥ የሚጠይቀው ዋጋውንና ድምፁን ነበር። ግርግር ባለበት መጠጥ ቤት ወይም ደጅ ላይ ይሰማል? ዝናብና ብርድ ይችላል? በኔ አቅም ይገዛል? ቫዮሊን ክሩ ይበጠሳል፣ በእርጥበት ቅኝቱ ይወርዳል፤ ሜሎዲዮን ግን አንዴ ከተገዛ ቅኝት አይፈልግም፣ ድምፁም ጎላ ያለ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሜሎዲዮን በየመንደሩ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ፦ ኖታ የማያውቁ ጨዋዎች ነበሩ የተባለው። ብዙዎቹ በጆሯቸው እንደተማሩ አልክድም። ነገር ግን በዚህ ረገድ የተረፈው ማስረጃ ጸሐፊው ካሰቡት እጅግ የበዛ ነው፤ ያውም በሙዚቀኞቹ በራሳቸው እጅ የተጻፈ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ቫዮሊን መቺዎች የራሳቸው የዜማ ደብተር ነበራቸው። ዊልያም ቪከርስ በ1770 በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የጻፈው ደብተር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዜማዎች አሉበት። ክሌር ከ200 በላይ ዜማዎችን በእጁ ጽፎ ትቷል። የታተመም ነበር፦ ጆን ፕሌይፎርድ በ1651 ያወጣው የጭፈራ መጽሐፍ 105 ጭፈራዎችን ከነዜማቸው ይዞ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም እየተጨመረበት ደጋግሞ ታተመ። በየገበያው የተማረውም ያልተማረውም ዜማ ይለዋወጥ ነበር። ከመጽሐፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ መጽሐፍ ሲመላለስ የኖረ ሙዚቃ ነው።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ የዘለሉት የቤተ ክርስቲያን ባንዶችን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ይህን ምዕራፍ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 19ኛው አጋማሽ በብዙ የገጠር አጥቢያዎች ኦርጋን አልነበረም። መዝሙሩን የሚመሩት በቤተ ክርስቲያኑ በምዕራብ በኩል ባለው ሰገነት ላይ የሚቀመጡ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ክላሪኔት፣ ባሱን፣ አልፎ አልፎም ሰርፐንት የሚባለው እንደ እባብ የተጠማዘዘ ትልቅ የነፋስ መሣሪያ ይዘው። ጫማ ሰፊ፣ አናጢ፣ ግንበኛ። እነዚህ ሰዎች ኖታ ያነብባሉ፤ ድምፅ ከፍለው ይዘምራሉ። እሑድ ጠዋት መዝሙር የመታው ቫዮሊን ግን ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት አምሽቶ ነው የመጣው! የልብ ወለድ ጸሐፊው የቶማስ ሃርዲ አያትና አባት በዶርሴት በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን የዚህ ዓይነት ተጫዋቾች ነበሩ። ሃርዲም በልጅነቱ ቫዮሊን ይዞ ከአባቱ ጋር ለጭፈራ ይወጣ ነበር። የቤተሰቡ የዜማ ደብተሮች እስከ ዛሬ አሉ፤ የገና መዝሙርም የጭፈራ ዜማም ይገኝባቸዋል።

እነዚህን ባንዶች ያጠፋቸው ማን ነው? አዲስ ሥርዓት የፈለጉ ቄሶች ናቸው። መጠጥ የሚሸት፣ የራሱን አሳብ የሚያበዛ፣ ደስ ካላለው የሚያኮርፍ ባንድ ከማስተዳደር አንድ ሃርሞኒየም (በእግር የሚነፋ ትንሽ ኦርጋን) ወይም ኦርጋን ገዝቶ አንዲት የመንደሩን አስተማሪ ማስቀመጥ ቀለላቸው። የስቲንስፎርዱ ባንድ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ፤ የሌሎቹም ዕጣ ከዚያ አልራቀም። ኖታ ማንበብ የሚችሉ የገጠር ሙዚቀኞች መድረካቸውን ያጡት በዚህ ነው። ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በኋላ የመጡት ዜማ ሰብሳቢዎች በጆሮ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችን ብቻ አግኝተው «ባላገሩ ኖታ አያውቅም» ቢሉ፣ የደረሱት ከጨዋታው ማብቂያ ላይ ነው።

ባግፓይፑን በአጭሩ ልለፈው። ገጣሚው ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው ግጥም የካንተርበሪ ተሳላሚዎቹን ከከተማ ሲያስወጣ ከፊት ባግፓይፕ እየነፋ የሚመራቸው ወፍጮ ፈጪው ነው፤ እንግሊዛዊ ሰው። በኖርዘምበርላንድ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ የራሱ ዓይነት አለ። በአፍ አይነፋም፤ ክንድ ሥር ባለ ወናፍ ነው አየር የሚሞላው። የዜማው ቱቦ ጫፉ ዝግ ስለሆነ ጣቶች ሁሉ ሲከድኑት ዝም ይላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ድምፅ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ከስኮትላንዱ የጦር ሜዳ ባግፓይፕ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ነው። ቶም ክላፍ በ1929 በሸክላ ያስቀረጸውን የሰማ ሰው አያምታታውም።

ጊታርም ብዙ አያከራክርም። የድሮው ዘፋኝ ብቻውን፣ ያለ አንዳች መሣሪያ ነበር የሚዘፍነው። የሊንከንሺሩ ጆሴፍ ቴይለር በ1908 ለንደን ላይ በሸክላ ሲቀረጽ ድምፁ ብቻውን ነው። በሰሴክስ የሮቲንግዲን የኮፐር ቤተሰብ ደግሞ ድምፅ ከፍለው ይዘፍኑ ነበር፤ እነሱም ያለ አጃቢ። ጊታር እዚህ ውስጥ በስፋት የገባው በ1950ዎቹ፣ ሎኒ ዶኔጋን በታዋቂነት ባወጣው ስኪፍል በሚባለው፣ በጊታር የሚታጀብ ቀላል ሙዚቃ ማዕበል ነው። ጸሐፊው በፌስቲቫል ላይ ያዩትን፣ በጊታር እያጀበ የሚዘፍነውን የማርቲን ካርቲን ትውልድ ወደ ኋላ ወስደው ለአያቶቹ አልብሰውታል። የካርቲ ጊታር ግሩም ነው፤ ያረጀ ግን አይደለም።

ፋብሪካና ባቡር ገደሉት ስለሚለው፦ ኮንሰርቲናና ሜሎዲዮን ራሳቸው የፋብሪካ ዕቃ መሆናቸውን እያወቅን እንዴት እንዲህ ይባላል? በዮርክሺርና በላንካሺር የኢንዱስትሪ ከተሞች የናስ ባንዶችን በመከተል ሙሉ የኮንሰርቲና ባንዶች ተቋቁመው ይወዳደሩ ነበር። በታይን ወንዝ ዳር ጄምስ ሂል የሚባል ቫዮሊን መቺ በመጠጥ ቤቶች ውስጥ እየተጫወተ አዳዲስ ሆርንፓይፖችን፣ ማለትም የጭፈራ ዜማዎችን፣ ይፈጥር ነበር። ከዜማዎቹ አንዱ ስሙን የወሰደው በኒውካስልና በጌትስሄድ መካከል በ1849 ከተከፈተው የባቡር ድልድይ ነው። ሙዚቃው በሞተበት በተባለው ቦታ ሰውየው በባቡር ድልድይ ስም ዜማ ያወጣ ነበር። የእርሻ መንደሮች ባዶ ሲሆኑ ብዙ ነገር አብሮ እንደጠፋ እቀበላለሁ፤ ጸሐፊው ያዩት ግን ያንኑ ብቻ ነው።

የቀረው ሴሲል ሻርፕ ነው። ሻርፕ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዜማዎችን የሰበሰበ ሰው ነው፤ ያለ እሱ ብዙ እንደምናጣ ማንም አይክድም። «ብቻውን» የሚለው ቃል ነው የማይዋጥልኝ።

ታዋቂው ታሪክ እንዲህ ነው። በ1899 የገና ማግስት ሻርፕ ሄዲንግተን በአማቱ ቤት ሳለ የኳሪው ጨፋሪዎች ከኪምበር ጋር መጡ። ሞሪስ የጰራቅሊጦስ ሰሞን ጭፈራ ነው፤ በክረምት መውጣታቸው በብርዱ ምክንያት ሥራ ስለጠፋና ጥቂት ሳንቲም ስለፈለጉ ነበር፤ ያለ ጊዜያችን መጣን ብለው ይቅርታም ጠየቁ። ሻርፕ በማግስቱ ኪምበርን ጠርቶ ዜማዎቹን ጻፈ። ጸሐፊው ይህን በሚገባ ተርከዋል። ያልተናገሩት ከዚያ በፊት የሆነውን ነው፦ የሄዲንግተን ጭፈራ በ1887 ቆሞ ነበር። በዚያው በ1899 መጀመሪያ ላይ ሰዎቹን ፈልጎ ለኦክስፎርድ መድረክ እንደገና ያሰባሰባቸው ፐርሲ ማኒንግ የሚባል የጥንት ነገር አጥኚ ነው። ሻርፕ የደረሰው ሌላ ሰው ቀስቅሶት በነበረ ጭፈራ ላይ ነው።

ከዚያስ? ሻርፕ ወረቀቱን ይዞ ዓመታት ተቀመጠ። በ1905 ለንደን ውስጥ ለሠራተኛ ልጃገረዶች ክበብ የምትመራው ሜሪ ኒል መጥታ ለልጆቹ የሚሆን ጭፈራ አለ ወይ ብላ ስትጠይቀው ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። ሄዲንግተን ድረስ የሄደችው እሷ ናት፤ ኪምበርና የአጎቱ ልጅ ለንደን መጥተው ልጃገረዶቹን አስተማሩ። በኋላ ሻርፕና ኒል አሠለጣጠኑ ላይ ተጣሉ፤ ስሙ የቀረው የሻርፕ ነው። ሴቶቹን መርሳት በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለመደ በሽታ ነው፦ ሻርፕ የመጀመሪያውን ዘፈን በ1903 በሰመርሴት ከመጻፉ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1898፣ የባህላዊ ዘፈን ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ኬት ሊ ነበረች፤ የኮፐሮችንም ዘፈኖች ቀድማ የጻፈችው እሷ ናት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሻርፕ የመረጠው ነገር ነው። የሚፈልገው አሮጌ ሞሪስና አሮጌ ዘፈን ነበር። የሰበሰባቸውንም ለአሳታሚ ሲያቀርብ የፒያኖ አጃቢ ጨመረባቸው፤ የኪምበር ግራ እጅ የሚሠራው ነገር በወረቀት ላይ አልቀረም። ፖልካ፣ ዋልዝ፣ ሾቲሽ የመሳሰሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ጭፈራዎች ለእሱ ዋጋ አልነበራቸውም፤ መንደሩ ግን በየሳምንቱ የሚጨፍረው እነዚያን ነበር። በኖርፎክ በሺፕደም መንደር ዋልተር ቡልወር በቫዮሊን፣ ሚስቱ ዴይዚ በፒያኖ፣ ቢሊ ኩፐር በትንንሽ በትሮች በሚመታው ባለ ብዙ ክር ዳልሲመር ይህንኑ ይጫወቱ ነበር። የተቀረጹት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ቡልወር ከሰባ ዓመት አልፎታል። ባምፕተን ደግሞ ከሄዲንግተን ብዙ ሳይርቅ ጭፈራውን በአብዛኛው ሳያቋርጥ፣ በቫዮሊን መቺው በጂንኪ ዌልስ እየተመራ፣ የአዳኝ እጅ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

በሰሴክስ የሆርስተድ ኬንዝ ሰው የነበረው ስካን ቴስተር ሻርፕ በ1924 ሲሞት ገና አርባ ያልሞላው የአንግሎ ኮንሰርቲና ተጫዋች ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በመጠጥ ቤት ሲጫወት ያደገ ነው፤ የቤተሰብ ባንድም ነበረው። ከለንደን በባቡር ብዙ የማይርቅ ቦታ ነው የኖረው። የኮንሰርቲናውን ድምፅ የሚቀርጽ ማሽን ይዘው የመጡለት ሰዎች የደረሱት ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያኔም ፖልካውንና ሆርንፓይፑን እየተጫወተ አገኙት። እስከ 1972 ኖረ።